ኦሪጅናል ወይስ ቻይና? የዓባይን ዳገት የምትወጣው አሮጌ አይሱዙ ራዲያተር ጉዳይ

የአንባቢ ደብዳቤ፦ «ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እኔና ባለቤቴ በእቁብም በብድርም ብለን የገዛናት 1998 ሞዴል አይሱዙ ኤንፒአር አለችን። ባለቤቴ ሌላ ስራ ስላለው መኪናዋን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ ሹፌር ቀጥረናል። ጤፍ ጭና አዲስ አበባ እህል በረንዳ ታራግፋለች፣ ስትመለስ የሱቅ እቃ ትይዛለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ዓባይን ተሻግራ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጣ ትሞቃለች፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ እየቆመ በጀሪካን ውሃ ይጨምራል። ራዲያተሩ ሁለቴ ተበይዷል። ሹፌሩ ኦሪጅናል ካልተገዛ አልነዳም ይላል፣ እዚህ ያለው መካኒካችን ደግሞ ለዚች አሮጌ ቻይናው ይበቃታል ባይ ነው። መርካቶ አንድ ነጋዴ ጄኒዩን ነው ካርቶኑን እዪው ብሎ ወኪሉ ከሚሸጥበት በግማሽ ዋጋ ሊሰጠኝ ነው። ሻርጃ ያለችው እህቴም ያገለገለ ኦሪጅናል ልላክልሽ ትለኛለች። የቱን ልግዛ? ደግሞስ ያሞቃት ሹፌሩ ነውና ከደሞዙ ብቆርጥበት ነውር ነው?»

እህት ዓለም፣ ሴት ባለንብረት ስትሆኚ መካሪው ብዙ ነው አይደል? አራት ሰው አራት ነገር ነግሮሻል፣ አንዳቸውም ግን መኪናዋ ላይ አሁን ያለው ራዲያተር ምን አይነት እንደሆነና ለምን እንደሞተ አልነገሩሽም። እኔ መልሴን ከፊት ላስቀምጠውና ምክንያቱን ከዛ እንነጋገርበታለን። ራዲያተርሽ የድሮው ነሐስና መዳብ ከሆነ አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ኮሩን፣ ማለት ቱቦዎቹና ስስ ክንፎቹ ያሉበትን መሃሉን፣ ማስቀየር ነው የሚያዋጣሽ። ላይና ታች ውሃ የሚይዘው ታንኩ ፕላስቲክ ከሆነ ወይ ነሐሱም ተበልቶ ካለቀ ደህና ስም ያለው አፍተርማርኬት (የመኪናው ፋብሪካ ስም የሌለበት መለዋወጫ)፣ ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር ተለክቶ ይገዛ። የመርካቶውን የግማሽ ዋጋ ጄኒዩን (ኦሪጅናል) ግን በካርቶኑ ብቻ እንዳትገዢው።

አሁን ቆም ብለሽ አንድ ነገር አስቢ። መኪናዋ ማርቆስ ከተማ ውስጥ አትሞቅም፣ ደጀን ድረስም አትሞቅም፣ የምትሞቀው ዓባይ ድልድይን አልፋ ስትወጣ ነው። ያ ዳገት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያስወጣል፣ ታች በረሃው ያቃጥላል፣ የጫነ አይሱዙ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ እንደ ሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። በሜዳ መንገድ ስትሮጥ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርድላታል፣ እዛ ዳገት ላይ ግን ንፋስ የለም፣ ያለው ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ብቻ የምትሞቅ መኪና ስትመጣ ብልህ መካኒክ መጀመሪያ የሚነካው ፋኑን ነው፣ ራዲያተሩን ከዛ በኋላ ነው የሚያየው። ኤንፒአር ላይ ፋኑ መሃሉ ላይ ውስጡ ዘይት ያለው ክላች አለው፣ ሲሞቅ ጠበቅ አርጎ ፋኑን የሚያዞረው እሱ ነው። ክላቹ ከሞተ ፋኑ ሲዞር ታይዋለሽ ግን ንፋስ አይስብም፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሹፌሩ ሞተሩ በደንብ እንደሞቀ ያጥፋና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ፋኑን በእጁ ገፋ ያድርገው፣ ከብዶት ወዲያው ከቆመ ደህና ነው፣ ገፋ ሲያደርገው ብዙ ዙር በነፃ ከዞረ ክላቹ አልቆለታል፣ አዲስ ራዲያተር ብትገዢም ዓባይ ላይ መሞቋ አይቀርም። ቺንጋውንም እግረ መንገዱን ይየው፣ የላላ ቺንጋ ፋኑንም የውሃ ፓምፑንም ያዘገያል።

ቀጥሎ ክዳኑ። ይሄን ሰው ይንቀዋል፣ ትንሽ ነገር ስለሆነ። የራዲያተር ክዳን ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም፣ ውሃው ላይ ግፊት የሚይዝ ስፕሪንግ አለው፣ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 88 ወይም 13 ምናምን የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፣ ሦስቱም በተለያየ መለኪያ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ግፊት ሲኖር ውሃው ቶሎ አይፈላም። እኛ ሀገር ደጋ ላይ ይሄ ነገር ከሌላው በበለጠ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ባህር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ወይ ጎሃ ጽዮን ላይ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጅቡቲ ያለ መኪና ክዳኑ ላላ ቢል ትንሽ ትርፍ አለው፣ ጎሃ ጽዮን ጫፍ ላይ የደረሰች የአንቺ መኪና ግን ሞተሯ ጤነኛ ሙቀት ላይ እያለ እንኳን ውሃዋ ሊፈላ ይችላል። ደህና ክዳን ሲኖር ግን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይገፋዋል። እና ሹፌሩ በጀሪካን የሚጨምረው ውሃ የት እየሄደ ነው ብለሽ ጠይቀሻል? ጎማው የደረቀ ክዳን ካለ በዛው በኩል እየተነነ ነው። አዲስ ክዳን፣ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ የሆነ፣ ዛሬውኑ ግዢ። ቁጥሩን ከፍ አርገሽ እንዳትገዢ ደግሞ፣ አንዳንዱ ሰው 1.1 ይሻላል ብሎ ይገጥማል፣ አሮጌ ራዲያተር ከሆነ ስታኞው፣ ማለት የተበየደበት ቆርቆሮ፣ ላይ ይቀደዋል።

ቴርሞስታቱስ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው በር፣ አለ? አብዛኛው አሮጌ አይሱዙ ላይ ተነቅሎ ተጥሏል፣ «ለሀገራችን አየር አይሆንም» ተብሎ። ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም ግን ስንት ሞተር አስበልቷል። ቴርሞስታት ሲወጣ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል፣ ውስጡ ያልቃል፣ ደግሞ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው ራሱ ስለሆነ እሱ ከሌለ ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ማለት እንዳይሞቅ ብለው ያወጡት ነገር ያሞቀዋል። አዲስ ይገጠምላት።

የመጨረሻው ፍራቻ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ላይ አረፋ ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ፣ ወይ ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ጋስኬቱ ተቃጥሏል ወይ ቴስታታው ተጣሟል ማለት ነው፣ በዛ ጊዜ ራዲያተር ላይ የምታወጪው ብር ሁሉ ባዶ ነው። ይሄን ሳታረጋግጪ ኪስሽን እንዳትከፍቺ።

እሺ፣ እነዚህ ሁሉ ደህና ናቸው እንበል፣ ጥፋቱ ራዲያተሩ ነው። ጤፍና ጭድ ሰፈር የምትሰራ መኪና ስለሆነች መጀመሪያ ሹፌሩ የፊቱን ክንፎች በባትሪ እያበራ ይያቸው፣ በገለባና በአቧራ ተደፍኖ ግድግዳ ሆኖ የማገኘው ራዲያተር ብዙ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ውሃ በቀስታ እየለቀቁ ማጠብ ነው፣ መኪና ማጠቢያ ቦታ ያለው ሀይለኛ ፓምፕ ግን ክንፎቹን ያስተኛቸዋል፣ ከተኙ ደግሞ ንፋስ አያልፍም። የውስጡን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ መዳፍ የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች መዳሰስ ነው። ሙቀቱ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት፣ መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘ እዛ ጋር ቱቦዎቹ በዝገትና በድንጋይ ተዘግተዋል። ሁለቴ የተበየደ፣ በዓባይ ውሃ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ከሆነ እንደዚህ ያለ ቦታ እንደማይጠፋበት እገምታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ላይኛውን ታንክ በቁልፍ ጫፍ ትንሽ ጫር ያርገውና ፎቶ ይላክልሽ። ከጥቁሩ ቀለም ስር ቢጫ ካበራ ነሐስ ነው። ዱብ ዱብ ሲያረጉት የጀሪካን ድምፅ የሚያወጣና ዙሪያውን በአልሙኒየም ጥርስ የተነከሰ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። የ90ዎቹ ኤንፒአር ከሆነችና ሰው ካልቀየረባት ነሐስ የመሆን እድሏ ሰፊ ነው፣ ሁለቴ መበየዱ ራሱ ይሄን ይጠቁማል፣ ፕላስቲክ ታንክ አይበየድማ።

ነሐስ ከሆነ እንግዲህ ሀብት ላይ ነው የተቀመጥሽው። ታንኮቹና የጎን ብረቶቹ ጃፓን የተሰሩ ናቸው፣ ቀዳዳዎቻቸው ሻንሲው ላይ ልክ ይገጥማሉ፣ የፋኑ ሽፋን ብሎኖች ቦታቸውን ያውቃሉ፣ የሞተው መሃሉ ብቻ ነው። ራዲያተር ሰሪው ታንኮቹን በእሳት ይፈታና አዲስ የመዳብ ኮር ይገጥምላቸዋል፣ መልሶ በስታኞ ይዘጋዋል። ከአዲስ ኦሪጅናል ዋጋ በጣም ያንሳል፣ በትክክል ከተሰራ ደግሞ ከሱ የሚያንስ ነገር የለውም። ችግሩ «በትክክል ከተሰራ» የምትለዋ ነች። ሰሪው ሁለት ቦታ ላይ ይሰርቅሻል፦ ውፍረቱ ላይና ክንፉ ላይ። የድሮው ኮር ውፍረቱ ስንት ሚሊ እንደሆነና ከፊት ወደ ኋላ ስንት ረድፍ ቱቦ እንዳለው ሳይፈታ በፊት ተለክቶ ይጻፍ፣ ሦስት ረድፍ የነበረውን ሁለት አርጎ ሊመልስልሽ ይችላል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ አታውቂውም። ክንፎቹ ደግሞ በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ ማነፃፀር ነው፣ ሳሳ ያለ ክንፍ ማለት ሙቀት የሚወስድ መዳብ አነሰ ማለት ነው። ሲጨርስ አፎቹን ደፍኖ ገንዳ ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር ይሙላበት፣ ክዳኑ ላይ ካለው ግፊት ትንሽ ከፍ ብቻ ብሎ፣ አረፋ ካልወጣ ሹፌሩ ይውሰደው። ይሄ ሁሉ ሹፌሩ ቆሞ እያየ ነው የሚሰራው፣ ጥለኸው ሂድና ነገ ና የሚል ሰሪ ከሆነ ሌላ ይፈልግ።

መዳብ ነው አልሙኒየም ነው የሚሻለው ለሚለው ክርክር ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አልሙኒየምን ወደ እጥፍ ሊጠጋ በሚችል ልዩነት ይበልጠዋል፣ እውነት ነው፣ ግን የመዳቡ ራዲያተር ክንፎቹ ከቱቦው ጋር የተያያዙት በስታኞ ነው፣ ስታኞ ደግሞ ሙቀት አያስተላልፍም ማለት ይቻላል ከመዳብ ጋር ሲነፃፀር፣ አልሙኒየሙ ላይ ቱቦው ሰፋ ተደርጎ ይሰራል መገጣጠሚያውም ራሱ አልሙኒየም ነው። ስለዚህ ደህና የተሰራ አልሙኒየም ሞተር ያበርዳል፣ ችግር የለበትም፣ ዛሬ አዲስ የሚወጣው መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል እሱን ነው የሚጠቀመው። እኔ ለአንቺ መኪና መዳቡን የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፦ ደጀን ላይ ቢያንጠባጥብ ደጀን ላይ ይበየዳል። የፕላስቲክ ታንክ አፉ ጋር ከተሰነጠቀ ግን ሙጫው ቤትሽ ድረስ ያደርስሽ እንደሆነ እንጂ ከዛ ወዲያ አያገለግልም፣ ሌላ መግዛት ነው።

የሹፌሩ «ኦሪጅናል» ላይ ልምጣ። እሱ ኦሪጅናል የሚለው አይሱዙ የሚል ካርቶን ያለውን ነው። መኪና ፋብሪካዎች ግን በአብዛኛው ራዲያተር ራሳቸው አይሰሩም፣ እንደ ዴንሶና ቲራድ ያሉት የጃፓን ፋብሪካዎች ሰርተው ይሰጧቸዋል፣ አይሱዙ ስሙን ይለጥፍበትና ዋስትና ይሰጥበታል። እንደ ኮዮራድና የዴንማርኩ ኒሰንስ ያሉት ደግሞ ለገበያ ብለው የሚያመርቱ፣ በስራው ረጅም እድሜ ያላቸው ናቸው፣ የነሱን «አፍተርማርኬት» ብሎ ከስም የለሹ ጋር አንድ ላይ መወርወር ግፍ ነው። ስለዚህ ሹፌሩም መካኒኩም በግማሽ ልክ ናቸው። ሹፌሩ ርካሹን መፍራቱ ልክ ነው፣ መካኒኩም ለዚች እድሜ ላላት መኪና የወኪሉን ዋጋ መክፈል አያስፈልግም ማለቱ ያስኬዳል፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በዶላር የሚገባ እቃ ዋጋው የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂዋለሽ። የወኪሉ እቃ የሚያዋጣው መኪናዋን ገና ለብዙ አመት ልትይዢያት ካሰብሽ፣ ነሐሱ ለኮር የማይሆን ከሆነ፣ እና ደህና አፍተርማርኬት ለሻንሲ ቁጥርሽ ከጠፋ ነው። ሦስቱ ባንድ ላይ ከመጡ ሹፌሩን ስሚው።

የሻንሲ ቁጥር ስልሽ፣ ይሄን ሳትይዢ የትም ሱቅ እንዳትገቢ። ሊብሬው ላይ አለ። ኤንፒአር 66 ከሆነ ሞተሩ 4.3 ሊትሩ ነው፣ 71 ከሆነ 4.6 ሊትሩ፣ «የኤንፒአር ራዲያተር ስጠኝ» ካልሽ ነጋዴው ፊቱ ያለውን ነው የሚሰጥሽ። ሊብሬውም ብቻውን አይበቃም፣ ሞተር የተቀየረባቸው አይሱዙዎች ሞልተዋል፣ ሞተሩ ላይ የተመታውን ጽሁፍም በፎቶ ያዢ።

የመርካቶው ሰውዬ። ሰውየውን አላውቀውም፣ ሌባ ነው አልልም፣ ምናልባት እሱም ተታሎ ገዝቶት ይሆናል። ግን ካርቶን ማተም ራዲያተር ከመስራት ይቀላል። ስታገኚው እንዲህ አርጊ፦ ካርቶኑን ለሱ ተዪለትና እቃውን ብቻ አውጪው። ሜትር ይዘሽ ሂጂ። የኮሩን ቁመትና ወርድ ለኪ፣ ከሁሉ በላይ ግን ውፍረቱን፣ ምክንያቱም ፎርጅድ የሚሰራ ሰው ቁመትና ወርዱን ማሳነስ አይችልም አይገጥምማ፣ ውፍረቱን ግን ማንም ስለማይለካው እዛ ላይ ይቀንሳል። 36 ሚሊ መሆን ያለበት 26 ሆኖ ሲመጣ ስንት ውሃና ስንት ክንፍ እንደጎደለ አስቢው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቢነዳ ማንም አያውቅበትም፣ ጤፍ ጭኖ ዓባይን ሲወጣ ይታወቅበታል። ከዛ በሁለት እጅሽ አንሺው፣ ተመሳሳይ መጠን ካለው ሌላ ጋር ክብደቱን አወዳድሪ፣ የቀለለው ያነሰ ብረት አለው በቃ። ክዳኑ የሚያርፍበት አፍ ውስጥ ጣትሽን ክተቺ፣ ሻካራ ከሆነ ክዳኑ ግፊት አይይዝም። ክንፎቹ በረድፍ የቆሙ ናቸው ወይስ ተወላግደዋል፣ የፕላስቲኩ ታንክ ጠርዝ ላይ ሲቀልጥ የተረፈ ቅርፊት አለ ወይ፣ ዙሪያውን የነከሰው ጥርስ እኩል ነው ወይ። ይሄን ስታይ ነጋዴው ከተቆጣ መልስሽን አግኝተሻል።

መካኒኩ የሚለው ቻይናም እንዲሁ በሜትር ይለካ። ቻይና ስለተባለ መጥፎ ነው አልልም፣ እዛም ደህና የሚሰሩ አሉ፣ እዚህ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ አስመጪው የጠየቀው ርካሽ ዋጋ የሰራው እቃ ነው። አንድ በጣም የማየው ጣጣ ልንገርሽ፦ ቀዳዳዎቹ ልክ ስለማይመጡ መካኒኩ ራዲያተሩን በሽቦና በቁራጭ ላሜራ አስሮ ይገጥመዋል፣ ፋኑን የሚከበው ክብ ሽፋን ደግሞ አልገጥም ሲለው «ይሄ ምንም አይሰራም» ብሎ ጋራዡ ጥግ ይጥለዋል። ያ ሽፋን እኮ ነው ፋኑ ንፋሱን ከጎን ሳይሆን በራዲያተሩ በኩል እንዲስብ የሚያደርገው። እሱ ከሌለ ደህና ራዲያተር፣ ደህና ፋን ይዘሽም ዳገት ላይ ትሞቃለሽ። ማንኛውንም ብትገዢ ሽፋኑ ካልገጠመ አልከፍልም ብለሽ ቀድመሽ ተነጋገሪ።

የሻርጃዋ እህትሽ ሀሳብ መጥፎ አይደለም፣ እዛ ያገለገለ የጭነት መኪና እቃ የሚሸጥበት ሰፈር አለ፣ ብዙ የኛ ሰዎችም ከዛ ያመጣሉ። ግን ራዲያተር እንደ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) አይደለም፣ ያለቀበት ነገር ከውጭ አይታይም። ፎቶ ብቻ አይታ እንዳትገዛ፣ አፉን ከፍታ ውስጥ በስልኳ መብራት ትይ፣ ነጭ ድንጋይ ወይ ቡኒ ጭቃ ቱቦዎቹ አፍ ላይ ካለ ትተወው። የቱቦ መግቢያና መውጫው ከአንቺ ጋር በአንድ በኩል መሆኑንም ትጠይቅ፣ ከታች ሁለት ትንንሽ አፍ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ የአውቶማቲክ መኪና ነው። ገዝታ፣ ልካ፣ ቀረጥ ተከፍሎ፣ እዚህ ደርሶ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ካወጣ ማንን ትከሻለሽ? እኔ ብሆን እህቴን ሌላ ነገር ነው የማስልካት፣ ደህና የፋን ክላችና አንድ ኦሪጅናል ክዳን፣ ቀላል ናቸው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ።

አንዴ ከተገጠመ በኋላ የሚበላሸው በውሃው ነው። ከወንዝም ከቧንቧም መሙላት ይቁም፣ አሮጌው ራዲያተር የተዘጋው በሱ ነው፣ አልሙኒየም ከገዛሽ ደግሞ ይበላዋል። ኩላንትና ጨው የሌለው ውሃ እኩል በእኩል፣ ባትሪ ላይ የሚጨመረው ንጹህ ውሃ ይሆናል፣ አሲዱን አላልኩም ልብ በይ። ከመሞላቱ በፊት ሞተሩ ውስጥ ያለው ዝገት ታጥቦ ይውጣ፣ አለዚያ ያው ጭቃ አዲሱን ኮር ይዘጋዋል። ራዲያተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎችም ይቀየሩ፣ ደርቀው ድንጋይ ከሆኑ የመንገዱ ንዝረት ቀጥታ ስታኞው ላይ ነው የሚያርፈው። የሚያሽግ ፓውደር የሚባለውን ማንም እንዳይጨምርባት። አሮጌውን ኮር ደግሞ መካኒኩ «ቆሻሻ ነው ልጣልልሽ» ቢልሽ እሺ እንዳትይ፣ መዳብ ነው፣ በኪሎ ይሸጣል፣ የክዳንና የቴርሞስታቱን ዋጋ ይመልስልሽ ይሆናል።

ጭነቱን ሳልጠይቅሽ ባልፍ ደግሞ ታዝቢኛለሽ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ ስንት ኩንታል ነው የምትጭኚባት? አትንገሪኝ፣ ብቻ አንቺ እወቂው። አየሩ ራሱ ደጋ ላይ ከባህር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ሞተሩም ራዲያተሩም የሚያገኙት አየር ያንን ያህል ያንሳል። ጠዋት በማለዳ ዳገቱን እንድትጨርስ አርገሽ መንገዱን ብታስተካክዪ ያለምንም ወጪ ብዙ ለውጥ ታያለሽ።

የሹፌሩን ደሞዝ በተመለከተ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሪ፦ የሙቀት ጌጁ ይሰራል ወይ? በዚች እድሜ ካሉት አይሱዙዎች ስንቶቹ ላይ መርፌው እንደተኛ ነው የሚኖረው። የማይሰራ ጌጅ ሰጥተሽው ለምን አሞቅሃት ብለሽ ብትቆርጪበት እውነት አይሆንም፣ ሌላ ቦታ አቤት ቢልም ሊያሸንፍሽ ይችላል። ደግሞ ሰውየው እየቆመ ውሃ መጨመሩ ሞተሩን ያተረፈልሽ ይመስለኛል፣ ሌላ ቢሆን እያፈላ ጎሃ ጽዮን ድረስ ወስዶ ቴስታታ ያስገዛሽ ነበር። ጌጁ እየሰራ፣ ቀይ ላይ ደርሶ እያየ ነድቷት ከሆነ ያኔ ተነጋገሩበት። አሁን ጌጁን አስጠግኚለት፣ ስትሞቅ ጥግ ይዞ ሞተሩን ከጭነት አሳርፎ፣ ውሃው ገና ካለ ወዲያው ሳያጠፋ፣ ቆማ በሚኒሞ ጋዙን ትንሽ ከፍ እያረገ እንዲያበርዳት፣ ውሃው ጭራሽ ካለቀ ግን ቶሎ እንዲያጠፋት ንገሪው፣ ክዳኑን በጨርቅም ቢሆን እስክትበርድ እንዳይነካ፣ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳያፈስ። እና ኮሩ ተሰርቶ ሲያልቅ ማርቆስ ውስጥ ሳይሆን ጭና ዓባይን ወጥታ ነው «ተሰርታለች» የሚባለው፣ የሰሪውን ቀሪ ሂሳብ እስከዛ ድረስ ያዢው።